የጥፍር ስፋት ያላት ሸርጣን እና የቁም እንስሳ ንግድ ሕግ

በሬ በጥርሱና በሻኛው ይገመታል፤ በግ ወገቡና ላቱ ይዳበሳል። አንዳንድ ቁም እንስሳ ግን እንዲህ አይገመትም። ከታይላንድ ወንዝ ተይዛ በላስቲክ ከረጢት ታሽጋ በአውሮፕላን የምትጓዘው ትንሽ ሸርጣን የጀርባዋ ቅርፊት ስፋት 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እግሮቿን ዘርግታ እንኳ ከሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብዙም አታልፍም። መልኳ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ስስ ነገር ነው፤ ብርሃን ሲመታት በከፊል ታሳልፋለች። እግሮቿ ቀጫጭንና ፀጉራም በመሆናቸው ከሩቅ የሚያያት ሸረሪት ይላታል።

ይህች ሸርጣን ተክል በተተከለበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ በቤት ትቀመጣለች። ገዢዋ የሚበላት ሰው አይደለም፤ ማታ ማታ ከገንዳው ፊት ተቀምጦ የሚያያት ነው። የከብት ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከወንዙ እስከ ገዢው ሳሎን ባለው መንገድ ላይ የሚገጥማት ሁሉ የቁም እንስሳ ነጋዴ በደንብ የሚያውቀው ነው፦ የትውልድ ቦታ ጥያቄ፣ ከጭነት በፊት ጾም፣ በመንገድ ላይ የሚከማች አሞኒያ፣ ሲደርስ የሞተውን ማን ይክፈል የሚል ክርክር፣ ማቆያ፣ መድኃኒት። ልዩነቱ በሬ ስህተትን ለቀናት ሲችል ይህች ግን ለሰዓታት እንኳ አለመቻሏ ነው። ስለዚህ በበሬ ላይ ተሸፍኖ የሚያልፈው ጥፋት በእሷ ላይ ወዲያው ይታያል።

ሳይንሳዊ ስሟ ሊምኖፒሎስ ናይያኔትሪ ነው። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን የስሟ ሁለተኛ ክፍል የተወሰደው ከታይላንዳዊው የሸርጣን ተመራማሪ ከፋይቡል ናይያኔትር ነው። የተገኘችው ከባንኮክ በስተምዕራብ በናኮን ቻይ ሲ ወንዝ ውስጥ ነው። ይህ ወንዝ ወደ ታይላንድ ባሕረ ሰላጤ የሚፈሰው የታ ቺን ወንዝ አንድ ክፍል ነው። የቅርብ ዘመዶቿ አብዛኞቹ በባሕር ወይም ጨውና ንጹህ ውሃ በሚገናኙበት ቦታ የሚኖሩ ናቸው፤ እሷ ግን ሙሉ ሕይወቷን በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ትኖራለች። ወደ የብስም አትወጣም።

በወንዙ ውስጥ የምትኖርበት ቦታ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ የእምቦጭ ሥር ውስጥ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ገበሬውንና ዓሣ አስጋሪውን ያስመረረው ያው አረም በታይላንድ ወንዞች ላይም ተንሳፎ ይኖራል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ወደ ታይላንድ የገባው ከጃቫ ደሴት ስለነበር በአገሩ ቋንቋ ስሙ እስከ ዛሬ የጃቫን ስም ይዟል። ከቅጠሉ ስር በውሃ ውስጥ የሚንጠለጠለው ጥቁር ፀጉር መሳይ ሥር ደለልን፣ የበሰበሰ ቅጠልንና ጥቃቅን ነፍሳትን ይይዛል። ሸርጣኗ በዚያ ሥር ላይ ተሰቅላ በእግሮቿ ፀጉር ከውሃው የሚያልፈውን ምግብ ታጠልላለች። የያዟት ሰዎች እምቦጩን ከውሃ አንስተው ሥሩን ያራግፋሉ። ስለዚህ በገንዳ ውስጥ ምን ትፈልጋለች ለሚል መልሱ ከዚህ ይጀምራል፦ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሥር፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ፣ ከላይ ጥላ። እምቦጩን ራሱን ግን ማንም ሰው ወደ ቤቱ ማስገባት የለበትም። ጣና ያየው ይበቃል፤ ሥራውን የሚሠሩ ሌሎች ተንሳፋፊ ተክሎች አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር መነሳት አለበት፤ በዚህ ንግድ ገዢ በብዛት የሚታለለው በስም ነውና። በእንስሳት መደብሮች «የንጹህ ውሃ ትንሽ ሸርጣን» ተብለው የሚሸጡ ሌሎች ዓይነቶች አሉ። ቀይ ጥፍር ያላቸው፣ ከኤሽያ የማንግሮቭ ዳርቻ የሚመጡ ሸርጣኖች ጨው ያለው ውሃና የሚወጡበት ደረቅ መሬት ይፈልጋሉ። በንጹህ ውሃ ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቆዩና ወይ ይሞታሉ ወይ ክዳኑን ገፍተው ወጥተው ከአልጋ ስር ደርቀው ይገኛሉ። ሌሎቹ ዓይናቸው ቢጫ፣ ገላቸው ሐምራዊ የሆኑና «ቫምፓየር» የሚል የገበያ ስም የተሰጣቸው ናቸው። እነዚህ ከውሃ ይልቅ እርጥብ መሬት ላይ የሚኖሩ እንስሳት ናቸው።

የቫምፓየር ሸርጣኖች ታሪክ ለድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ በተለይ ሊነገር ይገባል። እነዚህ እንስሳት በአውሮፓ መደብሮች ለዓመታት ሲሸጡ የትውልድ ቦታቸው በትክክል አይታወቅም ነበር፤ ሳይንስም ስም አልሰጣቸውም። ተመራማሪዎች ንግዱን ወደ ኋላ ተከትለው ሄደው በመጨረሻ መነሻቸው የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት መሆኑን አረጋገጡ፤ ሁለቱ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ስም ወጣላቸው። አንደኛው ጌኦሴሳርማ ዴነርሌ የተባለው ምርምሩን በደገፈ የጀርመን የአኳሪየም ዕቃ ድርጅት ስም ነው። ማለትም እንስሳው ከማንነቱ በፊት ገበያ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ጊዜ ስንቱ ከየትኛው ሸለቆ እንደተያዘ፣ የቀረውም ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በሬው የቦረና ነው፣ በጉ የጥቁር ራስ ነው የሚለው የትውልድ ቃል በገበያ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው፤ ምንጩ የጠፋ እንስሳ በሽታም ቢያመጣ፣ ከምንጩም ቢያልቅ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ዓሣና ሸርጣን በአየር ሲጓዙ የሚታሸጉበት መንገድ በዓለም ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ከሲሶው ያልበለጠ ውሃ ይገባበታል፤ ቀሪው ቦታ በኦክስጅን ይሞላል፤ ከረጢቱ ሙቀት በማያሳልፍ የፎም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለቁም እንስሳት ጭነት ያወጣው ደንብ ለግመልም ለበግም ለውሃ እንስሳም የየራሱ ክፍል አለው። ለእነዚህ ትናንሽ ሸርጣኖች ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት የተክል ቁራጭ ወይም የመረብ ጨርቅ ይጨመራል። የሚይዙት ነገር ካጡ እርስ በርስ እየተያያዙ እግር ይሰባበራሉ።

ከመታሸጋቸው በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምግብ አይሰጣቸውም። በከብት በኩል ይህን የማያውቅ የለም፤ ሆዱን ሞልቶ የተጫነ ከብት መኪናውን አቆሽሾ፣ አንሸራትቶት ወድቆ፣ ተረግጦ ይደርሳል። ከገበያ በፊት ጨው አብልቶ ውሃ በመሙላት ክብደት የሚያሳምር ነጋዴ ቢኖርም ረጅም መንገድ የሚጭን ሰው ግን ይህን አያደርግም። በከረጢት ውስጥ ጉዳዩ የበለጠ ይከፋል። ሸርጣኗ የበላችው በከረጢቱ ውሃ ውስጥ ይወጣል፤ የሚወጣውም በአብዛኛው አሞኒያ ነው። በርበራ ወይም ጅቡቲ ላይ በጎች ታጭቀው በቆሙበት የመርከብ ወለል የገባ ሰው ዓይኑን ያቃጠለውን ሽታ ያስታውሳል። እዚያ ግን ነፋስ አለ፤ ከረጢት ውስጥ የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጀማሪ ገዢ የማያውቀው ነው። በተዘጋው ከረጢት ውስጥ እንስሳቱ ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ውሃውም ትንሽ አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማ ውሃ ውስጥ ደግሞ አሞኒያው አሞኒየም ወደሚባል ብዙም ወደማይመርዝ መልክ ይለወጣል። ማለትም ቆሻሻው አለ፣ ጥርሱ ግን ተነቅሏል። ከረጢቱ በተከፈተ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይወጣል፤ የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ያ የተከማቸው ሁሉ በአጭር ጊዜ ተመልሶ መርዝ ይሆናል። ገዢው ከረጢቱን ከፍቶ «ትንሽ አየር ታግኝ» ብሎ ሁለት ሰዓት ሲያቆያት የገደላት መንገዱ አይደለም፤ እሱ ነው።

በሌላ በኩል እነዚህን እንስሳት ከከረጢት ወደ ገንዳ በአንዴ መገልበጥም ያስደነግጣቸዋል፤ የውሃው ጨውነት፣ ጥንካሬና ሙቀት የተለየ ነውና። የተለመደው ዘዴ ከገንዳው ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ለአንድ ሰዓት ያህል ማለማመድ ነው። ከቅርብ መደብር ለመጣ እንስሳ ይህ በቂ ነው። አንድና ሁለት ቀን በከረጢት ለቆየ ግን አሞኒያን የሚያስር የውሃ ማከሚያ ጠብታ ከረጢቱ ሲከፈት ወዲያው ይጨመራል፤ ከዚያ ማለማመዱ ይቀጥላል። የከረጢቱ ውሃ ራሱ ወደ ገንዳው አይገባም፤ ሸርጣኖቹ ብቻ በመረብ ወይም በኩባያ ተነስተው ይዛወራሉ።

ሲደርስ የሞተ ጉዳይም አለ። በዚህ ንግድ ጠንቃቃ የሆኑ ሻጮች ካሳ የሚከፍሉት ገዢው እንስሳው በደረሰ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ከረጢቱ ሳይከፈት ፎቶግራፍ ካነሳ ነው። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ የሞተው የገዢው ነው። ሁለቱ ወገኖች ኃላፊነቱ የሚሻገርበትን መስመር አስቀድመው አሥምረዋል ማለት ነው። የከብት ነጋዴዎች መኪና ላይ ስለሞተ ወይፈን በኬላ በር ስንት ቀን ሲከራከሩ እንደሚያድሩ ለሚያውቅ ሰው የከረጢቱ ደንብ ያስቀናል።

አሁን ገንዳው። 20 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ለአምስት ስድስት ሸርጣን ይበቃል። ከብቸኝነት ይልቅ በቡድን መኖር ይሻላቸዋል፤ እርስ በርስም አይጣሉም፤ ጥፍራቸው ማንንም የሚጎዳ አይደለም። አፉ የሚበቃው ዓሣ ካለ ግን ይበላቸዋል። ትናንሽ ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች ሰላማዊ ጎረቤት ናቸው። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ቢሆን ይመረጣል፤ በኃይል የሚስብ ማጣሪያ ቀጫጭን እግራቸውን ይመነጥራል፣ ወይም ሙሉ ሰውነታቸውን ይውጣል።

ከሁሉ በፊት ገንዳው ባዶውን መቆየት አለበት። ይህ ነጥብ የብዙ ሸርጣን ሞት ምክንያት ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን የሚበላ ነገር የለም። በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በተክሉ ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይሰፍራሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ናይትራይትም ይገድላል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ይህ በመጠኑ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ተክሎችም ይመገቡታል። ይህ ሥርዓት እስኪቆም ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በየጥቂት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየተጣለ ባክቴሪያው ይመገባል፤ በመለኪያ ጠብታ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪሆኑ ይጠበቃል። ለበግ ማቆያ ቦታ በረቱ፣ ገንዳውና መኖው ሳይዘጋጅ በግ የሚያመጣ የለም። የአኳሪየም ገዢ ግን ገንዳውንና ሸርጣኑን በአንድ ቀን ገዝቶ በሳምንቱ ሬሳ ይለቅማል።

ተክሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ጃቫ ሞስ የሚባለው ክር መሳይ ተክልና የሚንሳፈፉ ትናንሽ ቅጠላም ተክሎች አሞኒያን በቀጥታ ይወስዳሉ፤ በላያቸው የሚበቅለው ስስ ንፍጥ መሳይ የባክቴሪያና የአልጌ ሽፋን ደግሞ የሸርጣኗ ግጦሽ ነው። አዲስ ንጹህ የሚያብረቀርቅ ገንዳ ለእሷ እንደ ተቃጠለ ሜዳ ነው፤ የሚታይ እንጂ የሚበላ የለበትም። ወራት ያስቆጠረ፣ ጠጠሩ ትንሽ ዝገት የመሰለ፣ ሞሱ የተንዠረገገ ገንዳ ነው የሚስማማት። ከዚህ በላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ዱቄት የተፈጨ የሽሪምፕ ምግብ በትንሹ ይበተንላታል። የምትበላው ተንሳፎ የሚያልፈውን ስለሆነ ትልቅ ፍርፋሪ ከስር ወድቆ ይበሰብሳል እንጂ አይጠቅማትም።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቢቆይ መልካም ነው። እዚህ ላይ ቀጠናችን ሁለት ተቃራኒ ፊት አለው። አዲስ አበባ ወይም አስመራ ውስጥ ሌሊት የክፍሉ ሙቀት ከ20 በታች ስለሚወርድ ማሞቂያ ያስፈልጋል። በጅቡቲ፣ በበርበራ ወይም በድሬዳዋ በበጋ ደግሞ ችግሩ ማቀዝቀዝ ነው። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፦ በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ ነው። ከፍታም የራሱን ይወስዳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደጋ ያለ ገንዳ አየር የሚነፋ ፓምፕ ለምን እንደሚያስፈልገው ይህ ይናገራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፣ ሌሊት ከሆነም ተክሎቹ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ዋጋዋ ከጠቅላላ ሸርጣኖቹ ሊያንስ ይችላል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይገባም። ክሎሪን ብቻ ከሆነ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ተከፍቶ ሲያድር በአብዛኛው ይበናል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን በማሳደር አይጠፋም፤ ማከሚያ ጠብታ ይፈልጋል። ፒኤች ከ6.5 እስከ 8 ያለው ውሃ ይስማማታል፤ እጅግ ለስላሳ ውሃ ግን ካልሲየም ስለሚያንሰው ቅርፊቷን ለመሥራት ትቸገራለች።

ቅርፊት መቀየሯ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ሸርጣን ስታድግ አሮጌውን ቅርፊት ከነእግሩ ሙሉ በሙሉ አውልቃ ትጥላለች። ጠዋት ገንዳው ስር የተኛ ግልጽ ሬሳ ያየ ሰው «ሞተች» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ልብስ ነው። ባለቤቷ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ከሞሱ ውስጥ ተደብቃለች። በተፈጥሮዋም ዓይን አፋር ስለሆነች ለቀናት ላትታይ ትችላለች። ፍለጋ ብሎ ተክሉን እየነቀሉ መበርበር ነው የሚገድላት።

አሁን ለከብት ነጋዴ ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ መድኃኒትና መርዝ።

መጀመሪያ መዳብ። በግ ከሌሎቹ የቤት እንስሳት ሁሉ በመዳብ በቀላሉ የሚመረዝ መሆኑን ልምድ ያለው አርቢ ያውቃል። ለከብት ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ መዳብ ያለበት መኖ በግ ለረጅም ጊዜ ሲበላ መዳቡ በጉበቱ ይከማቻል። ለሳምንታት ምንም ምልክት ሳይታይ ይቆይና ጭነት ወይም ረሃብ ሲያስጨንቀው በአንዴ ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ጥቁር ሆኖ ይሞታል። ሸርጣን ደግሞ ደሟ ራሱ ኦክስጅን የሚሸከመው እንደ እኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ነው። ስለዚህ ጥቂት መዳብ ያስፈልጋታል፤ በውሃ ውስጥ የበዛ መዳብ ግን ከዓሣ በበለጠ ፍጥነት ይገድላታል። በዓሣ መደብሮች ነጭ ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ ለማከም የሚጨመሩ በርካታ መድኃኒቶች መዳብ አላቸው። መድኃኒት ከገባበት ገንዳ ሸርጣን አይገዛም፤ ከዚያ ገንዳ የወጣ ጠጠርም ሆነ ስፖንጅ ወደ ሸርጣን ገንዳ አይገባም።

ሁለተኛው የመዥገር መድኃኒት ነው። ሸርጣንና መዥገር በመልክ ባይመሳሰሉም ሁለቱም እግራቸው የተገጣጠመና ቅርፊት ለባሽ የሆኑ እንስሳት ናቸው። ከብት የሚረጭባቸው ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን፣ ጀርባ ላይ የሚፈሰው ፍሉሜትሪን ከመዥገር ጋር ሸርጣንንም ይገድላሉ። ለዚያውም ከብት ላይ ሲረጭ ከሚታየው መጠን እጅግ ባነሰ። ከብት ሲረጭ ውሎ እጁን ያልታጠበ ሰው ገንዳ ውስጥ እጁን ቢያስገባ ጥፋቱ በማግስቱ ይታያል። ለትንኝና ለበረሮ በቤት ውስጥ የሚነፋውም ስፕሬይ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዘር ስለሆነ ገንዳ ባለበት ክፍል አይነፋም። ጉዳዩ ከሳሎን ያልፋል። የመርጫ ገንዳ ወይም የርጭት ፓምፕ እጣቢ ወንዝ ዳር የሚደፋ ከሆነ ከታች ያሉት ሸርጣኖች፣ ሽሪምፖችና የዓሣ ጫጩቶች የሚበሉት ነፍሳት ያልቃሉ። ውሃው ግን ንጹህ መስሎ ይፈሳል።

እርባታን በተመለከተ ንግዱ ደካማ ጎን አለው። ሴቷ ሆዷ ስር ያለው እጥፋት ሰፊ ነው፤ የወንዱ ጠባብ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በዚያ እጥፋት ስር ተሸክማ በገንዳ ውስጥ መታየቷ ብርቅ አይደለም። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል፤ ከእንቁላሉ የሚወጡት በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ እጭ ናቸው፤ በቤት ገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚታዩት በአመዛኙ ከወንዝ የተያዙ ናቸው። ያ ወንዝ ደግሞ በታይላንድ በብክለት ስማቸው ከሚነሱት አንዱ ነው፤ በዳርቻው ፋብሪካ፣ የአሳማ እርባታና ከተማ አለ። አርቢ የሌለው፣ ምንጩ አንድ አካባቢ የሆነ እንስሳ ላይ የተመሠረተ ንግድ ምን ያህል እንደሚሰነብት ነጋዴ ራሱ ይገምት። ገዢ በበኩሉ አምስቱን ገዝቶ በደንብ ቢያኖር፣ በየወሩ ሃያ እየገዛ ከሚገድል ሰው ይልቅ ለወንዙም ለኪሱም ይሻላል።

«ታዲያ የኛዎቹስ?» የሚል ይኖራል። በኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶች፣ በኬንያና በኡጋንዳ ወንዞች ሸርጣን ሞልቷል። የአፍሪካ ወንዝ ሸርጣኖች ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን ናቸው። እነዚህ እጭ የላቸውም፤ ልጆቻቸው ሙሉ ሸርጣን ሆነው ይፈለፈላሉ፣ እናትየዋም ለጥቂት ጊዜ ሆዷ ስር ይዛቸው ትዞራለች። ለእርባታ የሚመች ይመስላል። ግን ትልቅ ናቸው፣ ጥፍራቸው ይቆርጣል፣ ተክሉን ይነቅላሉ፣ ሌሊት ከገንዳ ይወጣሉ። ሌላም ነገር አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የወንዝ ዓይነ ስውርነት የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአንድ ጥቁር ዝንብ ወገን እጭ የሚያድገው በእነዚህ ሸርጣኖች ገላ ላይ ተጣብቆ ነው። ተመራማሪዎች የዝንቧን ማደጊያ በወንዝ ድንጋይና ቅጠል ላይ ለረጅም ጊዜ ፈልገው ያጡት ለዚህ ነበር። ኬንያ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወንዞቿን በዲዲቲ አክማ ዝንቧን አጥፍታለች፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም የዚያው ወገን ዝንብ በሸርጣን ላይ ትገኛለች። ሸርጣን ለቅሞ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ የሚያዛውር ሰው ዝንቧንም ሊያዛውር ይችላል።

ማዛወር ሲነሳ ኬንያ ውስጥ የሆነ ሌላ ነገር አለ። የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ የተባለው የሸርጣን ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1970 ለምግብና ለገቢ ተብሎ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ። ለጥቂት ዓመታት ተሸጠ። በዚያው መጠን የሐይቁን የውሃ ውስጥ ተክል በላ፤ ተክሉ ሲጠፋ ዓሣውም ወፉም መጠለያ አጣ። ሌላም አለ፦ በጀርመን የአኳሪየም ገበያ በ1990ዎቹ የታየው፣ ሴቷ ያለ ወንድ የምትራባው እብነ በረድ መሳይ ክሬይፊሽ ማዳጋስካር ገብቶ ዛሬ በሩዝ ማሳዎች ውስጥ ተሰራጭቷል። የታይላንዷ ትንሽ ሸርጣን እንዲህ ያለ ጉልበት ያላት አትመስልም። ከእሷ ጋር በከረጢት የሚመጣው ቀንድ አውጣ፣ የተክል ቁራጭና በዓይን የማይታይ ተህዋስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገንዳ ውሃና የተቆረጠ ተክል ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይደፋም፤ ውሃው ለአትክልት ይፈስሳል፣ ተክሉ በፀሐይ ደርቆ ይጣላል።

በወረቀት በኩል የቁም እንስሳ ነጋዴ የለመደው የጤና ሰርተፊኬትና የማስገቢያ ፈቃድ ለውሃ እንስሳም አለ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሁለት የጤና ሕግ መጻሕፍት ያወጣል፤ አንዱ ለየብስ እንስሳት፣ ሌላው ለውሃ እንስሳት ነው። ለከብት ነጋዴ የሚቀርበው የመጀመሪያው ሲሆን የአፍ ማዜና የደስታ መሰል በሽታ የሚገኙት በዚያ ነው። በሁለተኛው ውስጥ በሽሪምፕ እርባታ ላይ ከፍተኛ ኪሳራ ያደረሰው የነጭ ነጠብጣብ ቫይረስና የክሬይፊሽ ወረርሽኝ ተዘርዝረዋል። ይህ ነጭ ነጠብጣብ ከላይ ከተነሳው የዓሣ በሽታ ጋር ስም ብቻ ይጋራል። ቫይረሱ ሸርጣኖችንም ይይዛል፤ አንዳንዶቹ ሳይታመሙ ይሸከሙታል። ከዱባይ ወይም ከባንኮክ ሲመለስ ለልጆቹ ስጦታ ብሎ ከረጢቷን በጃኬቱ ኪስ ይዞ የሚያልፍ መንገደኛ በኬላ የሚይዘው አይኖር ይሆናል። አንድ መንጋ ያለ ሰርተፊኬት በጫካ መንገድ ካሳለፈ ሰው ግን የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

አዲስ የመጡ ሸርጣኖች ሌሎች እንስሳት ወዳሉበት ዋና ገንዳ ከመግባታቸው በፊት በተለየ ትንሽ ገንዳ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይቆያሉ። ያም ገንዳ ሞስ፣ ያረጀ ስፖንጅና ሙቀቱ የተስተካከለ ውሃ ይኑረው፤ መረቡና ቱቦውም የራሱ ይሁን። ደካሞቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይለያሉ። ከዚያ ያለፉት በደንብ ከተያዙ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚኖሩ ጠባቂዎቻቸው ይናገራሉ።